ትራስ የተሸከመው ወንድም

ነገሩ የጀመረው ፍሪጁ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ደረጃው በሚታጠፍበት ቦታ ተቀርቅሮ፣ እኔም ከሥሩ ተቀርቅሬ ሳለሁ ነው። ግራ ትከሻዬ ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል። ቀኝ ጉልበቴ ከእኔ ሳያማክር መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ከላይ ሆኖ የሚስበው የባለቤቴ ወንድም "አንዴ! አንዴ!" ይላል፤ "አንዴ" ማለቱ ጠብቅ ይሁን ግፋ እስከ ዛሬ አልገባኝም። በዚህ መሃል ከበስተኋላዬ አንድ የተረጋጋ፣ ላብ ያልነካው ድምፅ ተሰማ።

"አይዞህ ወንድሜ! ልዩ ልዩ ፈተና ሲደርስባችሁ እንደ ሙሉ ደስታ ቍጠሩት ይላል ቃሉ።"

እንደምንም አንገቴን አዞርኩ። ወንድማችን ትራስ ይዟል። አንድ ትራስ። በሁለት እጁ፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፎት።

ሊያግዝ የመጣ ሰው እኮ ነው! "እኔ እያለሁ ሌላ ሰው ትፈልጋለህ?" ብሎ የደወለውም ራሱ ነው። ሁለት ሰዓት እመጣለሁ ብሎ አራት ተኩል ላይ መጣ። ዕቃውን ሰልፍ እንደሚጎበኝ ጄኔራል ዞሮ አየው። አልጋው ፊት ቆም አለ፣ ቁም ሳጥኑን ቀና ብሎ ለካው፣ መጻሕፍት የታጨቁባቸውን ካርቶኖች በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረጋቸው፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ትራሱን አነሣ። ፎቶም ተነሣ። ፎቶው ማታውን "ማገልገል መታደል ነው" ከሚል ጽሑፍ ጋር ተለጠፈ። እኔም አለሁበት፤ ከጀርባው፣ ደብዘዝ ብዬ፣ ከፍሪጅ ሥር የወጣ አንድ እግር ሆኜ።

ትራሱን አልንቅም። ትራስ በወንጌል ስሙ ያለ ዕቃ ነው። ማዕበሉ ታንኳዋን ሲያናውጣት ጌታችን ትራስ ተንተርሶ ተኝቶ እንደነበር ማርቆስ ምዕራፍ 4 ላይ ጽፎልናል። ያኔ ግን ትራስ ላይ የነበረው ተነሥቶ ማዕበሉን ገሠጸ። የእኛው ባለ ትራስ ማዕበሉን ትቶ እኔን ገሠጸኝ።

ያበሸቀኝ ጥቅሱ አይደለም፤ ጥቅሱ እውነት ነው። ያበሸቀኝ ሰዋስው ነው። ያዕቆብ "ሲደርስባችሁ ቍጠሩት" አለ። ቆጣሪው የደረሰበት ሰው ነው። ያልደረሰበት ሰው አጠገቤ ቆሞ የእኔን ደስታ እንዲቆጥርልኝ የሚያዝዝ ቃል ፈልጌ አጣሁ። ደግሞም ያው ያዕቆብ፣ በዚያው መልእክት፣ ምዕራፍ 2 ላይ፣ ለታረዘና ለተራበ ወንድም የሚያስፈልገውን ሳይሰጡ "በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም" የሚሉትን "ምን ይጠቅማቸዋል?" ብሎ ይጠይቃል። ወንድሜ ምዕራፍ 1ን በቃሉ ይወጣዋል። ቅጠሉን አልገለበጠም።

"መከራ ትዕግሥትን ያደርጋል" ያለው ጳውሎስም ቢሆን አምስት ጊዜ አንድ ሲጎድል አርባ የተገረፈ፣ ሦስት ጊዜ መርከብ የተሰበረበት ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ስለ መከራ ሲናገር ጀርባውን አይተህ ዝም ትላለህ። የወንድሜንም ጀርባ አየሁት፤ ሸሚዙ ላይ የካውያው መስመር እንኳ አልጠፋም።

አበው "በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት" ያሉት ይህንን ሳያዩ አልቀሩም። በእኛ ዘመን እንጨቱ ላይ ምዕራፍና ቁጥር ተጽፎበታል፣ ልዩነቱ ያ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ የእኔ ጎማ ሲተነፍስ "እግዚአብሔር ሊያሳድግህ ነው" ይባላል። የእሱ ጎማ ሲተነፍስ "ጠላት ተነሥቶብኛል፣ ጸልዩልኝ" ይመጣል። ባለፈው ጉንፋን ሦስት ቀን ሲይዘው ሁላችንም በየተራ እንድንጾም የስም ዝርዝር ወጣ። በዚያ ዝርዝር ላይ "እንደ ሙሉ ደስታ ቁጠረው" ያለው ሰው አልነበረም። (ልለው ነበር፤ ተራዬ ሳይደርስ ዳነ።)

እኔ ከተረት ሁሉ "ከመጠምጠም መማር ይቅደም" የሚለውን እወዳለሁ። ይህን ተረት የተረተው ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲለው፣ ትልቅ ጥምጣም ያለው ሰው ፊት ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ። ቁጣው ይሰማል። ሦስት ቃል ብቻ፤ ምክንያቱም ሌላ ለመናገር ጊዜ አልተሰጠውም።

ነገርን ነገር ያነሣዋልና፣ እኔም እንዲህ ተቀምጬ አውቃለሁ። ከዓመታት በፊት ነው። አንድ መምህር ትሕትናን ሊያስተምሩን መጡ። በ6ኛው መቶ ዘመን ቤኔዲክቶስ የተባለው አባት ለመነኮሳቱ በጻፈው ሥርዓት ምዕራፍ 7 ላይ ትሕትናን አሥራ ሁለት ደረጃ ባለው መሰላል መስሎታል። የይስሐቅ ልጅ ያዕቆብ ድንጋይ ተንተርሶ በሕልሙ ያየው መሰላል ነው መነሻው፤ በትዕቢት ይወረድበታል፣ በትሕትና ይወጣበታል። መምህሩ በየሳምንቱ አንድ ደረጃ ሊያወጡን ቃል ገቡ። ሁልጊዜ የሚጀምሩት "እኔ ደካማውና ምንም የማላውቀው ባሪያው" ብለው ነው። ከዚያ የሚያውቁትን ሁሉ ይነግሩናል። ቤኔዲክቶስ ሰባተኛው ደረጃ ላይ ሰው ከሁሉ የማንስ ነኝ ብሎ በአፉ መናገሩ አይበቃም፣ በልቡም ይመን ይላል፤ ያን ዕለት መምህሩ ከወትሮው ቸኮል ብለው አለፉ። ዘጠነኛው ደረጃ ዝምታ ነው። ስለ ዝምታ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ተናገሩ። አሥረኛው ለሳቅ አለመቸኮል ነው፤ እሱን ስንማር እኔ ገና በዘጠነኛው እየሳቅሁ ስለነበር ደረጃው አመለጠኝ፣ እስካሁንም አላገኘሁትም።

የሚወዱት ጥቅስ ዘኍልቍ 12፥3 ነበር፦ ሙሴ በምድር ላይ ካሉት ሰዎች ሁሉ ይልቅ እጅግ ትሑት ሰው እንደነበረ የሚናገረው። አምስቱን መጻሕፍት የጻፈው ሙሴ ነው ከተባለ ይህን ስለ ራሱ እንዴት ጻፈ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ በየዘመኑ አልጠፋም። መምህሩ ግን ጥያቄው ገብቷቸው የሚያውቅ አይመስለኝም። ሰው ስለ ራሱ እንዲህ ቢጽፍ ምን ይገርማል በሚል ዓይን ነበር የሚያነቡት።

ትምህርቱ ሲያልቅ ሰርተፊኬት ተሰጠ። የትሕትና ሰርተፊኬት፣ ከነመስታወቱ። ይሁን። ከዚያ ግን "በላቀ አገልግሎት" የሚል ልዩ ሽልማት መጣ፤ ተሸላሚው ማይክራፎን ከእጅ ወደ እጅ ሲያቀብል የከረመ ልጅ ሆነ። ማይክራፎን! አሥራ ሁለቱንም ሳምንት፣ ሰው ሁሉ በር ላይ ቆሞ ሲሳሳቅ፣ ወንበሩን እያጠፈ የደረደረው ማን ነበር? እኔ ነበርኩ። በየሳምንቱ 140 ወንበር። በአሥራ ሁለት ሲባዛ 1,680። ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ የሚለውን አውቃለሁ፤ የእኔ ግራ እጅ ግን ሒሳብ ተምሯል። ያ ልጅ ዛሬ አግብቶ ወልዷል፣ ስንገናኝ በፍቅር ይስመኛል፣ እኔም እስመዋለሁ፤ በሳምኩት ቁጥር 1,680 ትለኛለች።

በሌላው ሙሴ ልመለስ፤ በግብፅ በረሃ በ4ኛው መቶ ዘመን በነበረው፣ በፊት ሽፍታ ኋላ አባት በሆነው በሙሴ ጸሊም። አንድ መነኩሴ አጥፍቶ ሊፈርዱበት ሲሰበሰቡ አባ ሙሴን ጠሩት። እምቢ አለ። ደግመው ሲልኩበት የተቀደደ ቅርጫት አሸዋ ሞልቶ በጀርባው አዝሎ መጣ። ይህ ምንድን ነው ቢሉት፣ ኃጢአቴ ከኋላዬ ይፈሳል፣ እኔ አላየውም፣ ዛሬ ግን በሌላው ልፈርድ መጣሁ አላቸው። ጉባኤው ያን ወንድም ይቅር ብሎት ተበተነ።

ይህን ታሪክ እወደዋለሁ ስል፣ ለሌላ ሰው ሲነገር እወደዋለሁ ማለቴ ነው። ፍሪጁን አስገብተን ወለሉ ላይ ተዘርሬ ወንድሜን በልቤ ስከስሰው፣ ሳላስበው ወደ ኋላዬ ዞር አልኩ። አሸዋው እስከ በሩ ድረስ ፈሷል።

አንድ ወዳጅ ነበረኝ። ከሥራ ወጣ። ልጠይቀው ሄድኩ፣ ሶፋው ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩ፣ "ለበጎ ነው" አልኩት። "ለማን በጎ?" አለኝ። የምር ነበር የጠየቀኝ። እኔ ሮሜ 8፥28ን፣ ነገር ሁሉ ለበጎ ይደረጋል የሚለውን ነገርኩት፤ ያውም ግማሹን። ስወጣ በር ላይ ያዝ አድርጎኝ፣ "ሰኞ የልጆቹ ትምህርት ቤት ሄጄ ክፍያውን እንዲያቆዩልኝ ልለምን ነው፤ ለብቻዬ አፌ ይያዛል፣ አብረኸኝ ትሄዳለህ?" አለኝ። "እጸልይልሃለሁ" አልኩት። አልዋሸሁም። ጸለይኩ። ከልቤ ጸለይኩ። ከቤቴ።

ካርቶን እንኳ አልነበረም ያሸከመኝ። አጠገቡ እንድቆም ነበር።

ጌታችንም በጌቴሴማኒ ሦስቱን ወስዶ የጠየቃቸው ያንኑ ነበር፤ ከእኔ ጋር ትጉ። መከራው ምን እንደሚያስተምር እንዲተነትኑለት አልለመናቸውም። እሱ ራሱ "ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ" ብሎ ሲለምን ነበር፣ እነሱ ተኝተዋል። ሦስት ጊዜ መጣ፣ ሦስት ጊዜ ተኝተው አገኛቸው። ቢያንስ ግን እያንቀላፉ አልጠቀሱም! ጳውሎስም እሾሁ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኗል። በፈተና ማደግ የሚባለውን ነገር ከሁሉ የበለጠ ያወቁት ሰዎች መጀመሪያ አንሱልን ነው ያሉት። እኛ ዘንድ ግን "አንሣልኝ" ያለ ሰው እምነቱ ይመረመራል።

የኢዮብ ወዳጆች እንኳ ጥሩ ጀምረው ነበር። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አፈር ላይ አብረውት ተቀመጡ፣ አንድ ቃል የተናገረው አልነበረም። እዚያ ላይ ተነሥተው ቢሄዱ ኖሮ ዛሬ ልጆቻችንን በኤልፋዝ ስም በጠራን። ነገር ግን አፋቸውን ከፈቱ። መጽሐፉ 42 ምዕራፍ የሆነው በዚህ ነው ማለት ይቻላል። በመጨረሻ እግዚአብሔር በሦስቱ ላይ ተቆጣ፤ ኢዮብ ይጸልይላችሁ አላቸው። አያችሁ? ልጆቹን የቀበረው፣ ቁስሉን በገል የሚፍቀው ሰው፣ ይባስ ብሎ አጽናኞቹን ያገልግል! ይህ ቦታ ላይ ስደርስ ሁሌም በኢዮብ ፋንታ እናደዳለሁ። ኢዮብ ግን ጸለየላቸው፤ ተናደደ የሚል ቃል የለም። የእሱም ምርኮ የተመለሰው ስለ ወዳጆቹ ሲጸልይ ነው ይላል።

ምን ልል ነበር? አዎ፣ ትራሱ።

ትናንት ማታ ስልኬ ጮኸ። ወንድሜ ነው። "ወንድሜ፣ በመጪው ቅዳሜ ቤት ልቀይር ነው" አለ። ድምፁ የሚያሳዝን ነው።

"ስንተኛ ፎቅ?"

"አምስተኛ።"

"ፍሪጅ አለህ?"

"ባለ ሁለት በር።"

ጥቅስ ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ቆመ። የትኛው ጥቅስ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዋጥኩት፤ ሲወርድ እንደ አጥንት ጎረበጠኝ። "አለሁ" አልኩት። "ተባረክ፣ ፈተና በዝቶብኛል" አለኝ፤ ዝም አልኩ፣ ዘጠነኛው ደረጃ ላይ አንድ እግሬን አሳረፍኩ።

ቅዳሜ እሄዳለሁ። ግን ማልጄ ነው የምሄደው፣ ትራሶቹ ሳያልቁ።