የክራር ድምፅ ሲቆም፦ ይቆረጥ ወይስ ይክሰም?

የክርክሩ መነሻ፦ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ለሚለማመዱ የወሎ ተማሪዎች፣ ስድስቱን የክራር አውታሮች በኮምፒውተር ቁልፍ የሚያሰማ ፕሮግራም በፓይጌም (ጨዋታና ድምፅ ለመሥራት በሚያገለግል የፓይተን መሣሪያ) ሲሠራ ድምፁን ወዲያው በሚቆርጠው «ስቶፕ» ማቆም ይሻላል ወይስ ቀስ በቀስ በሚያከስመው «ፌድአውት»?

ከደሴ፦ ስቶፕ ይበቃል። ክራር ተጫዋች የማይፈልገውን አውታር በግራ እጁ ጣት ሲይዘው ድምፁ እዚያው ይታፈናል፤ ፕሮግራሙም እንዲሁ ፈጥኖ መታዘዝ አለበት። ለየአውታሩ አንድ ቻናል (በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ የሚያጫውት መስመር) መድቡ፤ ቁልፉ ሲጫን ፕሌይ፣ ሲለቀቅ ስቶፕ። ያው አውታር ዳግም ሲመታ አሮጌው ድምፅ በራሱ ይቋረጣል፣ ሲቆረጥ የሚሰማውን ጠቅታም አዲሱ ምት ይውጠዋል።

ከኮምቦልቻ፦ ወንድሜ፣ ቻናል መመደቡ ላይ አንድ ነን። ሳይመድቡ መጫወት አደጋ ነው፦ ፓይጌም ሲነሳ ያሉት ቻናሎች 8 ብቻ ናቸው። ሁሉም ከተያዙ ቀጣዩ ምት አይሰማም፤ ፕሌይ የሚመልሰውም «ነን» (ባዶ፣ ምንም) ስለሆነ በእሱ ላይ ስቶፕ ስትጠራ ፕሮግራሙ ይወድቃል።

የማልስማማው «ምቱ ይውጠዋል» ባልከው ላይ ነው። የሚውጠው ሌላ ምት ከተከተለ ብቻ ነው። ትዝታን ዝግ አድርጎ የሚጫወት ሰው ቁልፉን ለቆ ዝም ይላል። ሞገዱ ከፍ ብሎ ሳለ በድንገት ዜሮ ሲገባ፣ ያ ዝላይ ነው ጠቅ የሚለው። በወፍራሙ አውታር ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ቀጭኑን ጠቅታ የሚሸፍን ድምፅ የለውማ።

ከደሴ፦ ፌድአውትም አያድንሽም። ከፓይጌም ሥር ሆኖ ድምፆቹን የሚቀላቅለው ኤስዲኤል ሚክሰር ድምፁን የሚቀንሰው በየናሙናው (በየነጠላ የድምፅ ልኬቱ) ሳይሆን በየበፈሩ (በአንድ ጊዜ በሚዘጋጀው የናሙና ጥቅል) አንዴ ነው። በ44100 ኸርዝ (በሰከንድ 44100 ናሙና) 512 ናሙና 11.6 ሚሊ ሰከንድ ነው። 20 ሚሊ ሰከንድ ብታዢ በአንድ ወይም በሁለት ደረጃ ወርዶ ያልቃል። በፈሩ 4096 ከሆነማ፣ 93 ሚሊ ሰከንድ ስለሚሆን፣ ከስቶፕ አይለይም።

ከኮምቦልቻ፦ ስሌትህ ልክ ነው፤ የሚያስረዳው ግን ማስረዘም እንዳለብን ነው። በፈሩን 512 ላይ ተወውና 80 ሚሊ ሰከንድ ስጠው። ሰባት ያህል ደረጃ ታገኛለህ፤ እያንዳንዱ ዝላይ ያንሳል።

ከደሴ፦ በዚያ 80 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ያው አውታር ቢመታስ? እየከሰመ ያለ ቻናል ላይ ፕሌይ ስትዪ ወዲያው ይቆረጣል።

ከኮምቦልቻ፦ ለየአውታሩ ሁለት ቻናል! በ«ሴት ነም ቻናልስ» የቻናሎቹን ብዛት 12 አድርግ። አንዱ ሲከስም አዲሱ ምት በሌላው ይነሳል፤ የትኛው ተራ እንደሆነ ለየአውታሩ በአንድ ቁጥር ትይዛለህ።

ከደሴ፦ ለዝግታው ጨዋታ ተቀብያለሁ። አውታሮቹን እየገረፉ በፍጥነት ሲጫወቱ ግን 80 ሚሊ ሰከንድ የሚንጠለጠል ድምፅ ምቱን ያደበዝዘዋል፤ እዚያ ላይ ስቶፕን አልለቅም።

ከኮምቦልቻ፦ እዚያ በፈሩን 256፣ ፌድአውቱን 40 አድርግ፤ የደረጃው ብዛት ያው ሰባት ገደማ ነው። በፈሩን የድምፁን ቅንብር አስቀድሞ በሚይዘው «ፕሪ ኢኒት» ቀይረው፣ ፓይጌምን ከሚያስነሳው «ፓይጌም ኢኒት» በፊት፤ ከዚያ በኋላ ብትጠራው ለውጥ የለውም። ያረጀ ላፕቶፕ ላይ ድምፁ ከተቆራረጠ ወደ 512 መልሰው።