ጎርፍ ለጎረቤት

የላይኛው ጎረቤቴ ሰሞኑን አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የመኪና ጎማ በራቸው ፊት ጎለቱ። ጎማው ውስጥ አፈር፣ አፈሩ ላይ ችግኝ። ጎማው የተጎለተው መኪና ሊቆምበት በሚችል ቦታ መሀል ላይ ነው። "ጋሼ፣ ትንሽ ጠጋ ቢያደርጉት?" አልኳቸው። "ልጄ፣ አየሩ ተቀይሯል እኮ! ለጥላ ነው።" ችግኙ ስንዝር አይሞላም። ማታ የሳቸው መኪና ሲመጣ ደግሞ ጥላው ይነሳል።

ችግኝ ጠልቼ አይደለም። ምኒልክ ባሕር ዛፍ ባያስመጡ ኖሮ ይህች ከተማ በማገዶ እጦት ነቅላ ትሄድ ነበር ይባላል። የኔ ጣጣ ዝናቡ ነው። አሁን አሁን የሳምንቱን በአንድ ከሰዓት ያራግፈዋል። ሰፈራችን ወደ ቀበና ወንዝ ቁልቁል ነውና ሁሉም እንደ አቅሙ ተዘጋጅቷል። አንዱ በማዳበሪያ ከረጢት አፈር ሞልቶ በሩ ላይ ደረደረ። ሌላው ደፉን በብሎኬት ከፍ አደረገ። ሦስተኛው በኮብልስቶኑ መሀል የነበረውን አሸዋ ጠርጎ ሲሚንቶ ሞላበት። በአሸዋው በኩል ይሰርግ የነበረው ውሃ ተንደርድሮ እኔ ጋ ይመጣል። ጎርፍ ሲያባርሩት ወደ ላይ አይሄድማ!

"ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ" የምወደው ተረት ነው። ሰፈራችን ግን ቃል በቃል ወስዶታል። ግንቦት ላይ ቦይ እንጥረግ ስትል "ገና ነው" ትባላለህ። ሐምሌ ላይ ውሃው ጉልበት ሲደርስ አካፋ ፍለጋ ይሯሯጣሉ። የወጣው ደለል እዚያው ቦዩ ጠርዝ ላይ ይከመራል፤ በነጋታው ዝናቡ መልሶ ያስገባዋል።

ዝናብ ጠብቆ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ወደ ቦዩ የሚለቀውን ሰውዬ ግን ዕድሜ ልኬን አልምረውም። ሰማዩ ሲያጉረመርም ክዳኑ ይከፈታል። ማንን ሊያታልል ነው? አፍንጫ አለን! ከእኛ በታች ወንዝ ዳር የሚጫወቱ ልጆች አሉ። ቀበና ለአቃቂ ያስረክባል፣ አቃቂ ለአዋሽ። በአቃቂ ውሃ የለማው ጎመን ደግሞ ተመልሶ ገበያችን ይመጣል። ሰውዬውም ገዝቶ ይበላል፤ ይጣፍጠው።

ምን ስል ነበር? አዎ፣ ጎማው። ጎማውስ ይሁን። ቅዳሜ የቦይ ጠረጋ ስብሰባ አለ፤ ሰብሳቢው ጋሼ ናቸው። እኔ ግን መጀመሪያ ሲሚንቶ ስንት እንደገባ ላጣራ። ከኔ በታች ያለው ጎረቤት እስካሁን አንድም ከረጢት አልደረደረም።