ቤት ውስጥ ስንት ሰው አለ?

በአሜሪካዋ ሜሪላንድ የመኪና ኢንሹራንስ የሚገባ ሐበሻ መኪናው የት እንደሚያድር፣ በዓመት ስንት ማይል እንደሚሄድ፣ ከዚህ ቀደም ማንን እንደገጨ ሲጠየቅ ሳይደናቀፍ ይመልሳል። ምላሱን የሚያስረው «ቤት ውስጥ መንጃ ፈቃድ ያለው ስንት ሰው ይኖራል?» የሚለው ጥያቄ ነው። ምን ይበል? ለሦስት ሳምንት ብላ የመጣችው የባለቤቱ እህት ይኸው ሁለተኛ ፋሲካዋን እዚሁ ልትፈስክ ዶሮ ታጠያይቃለች። ምድር ቤቱን የተከራየው ልጅ ኪራይ መክፈሉን ከተወ ወዲህ ዘመድ ሆኗል። የክርስትና ልጁ ደግሞ ከእናቱ ጋር በተጣላ ቁጥር ብርድ ልብሱን ተሸክሞ ከች ይላል። «እንደ ቀኑ ነው» ቢል እውነቱን ተናገረ፤ ኮምፒውተሩ ግን ቁጥር ካልተጻፈለት አያሳልፍም።

ኩባንያው እንዲህ የሚያጠብቀው ወሬ ናፍቆት አይደለም። በመኪናው ባለቤት ፈቃድ አንድ ቀን መኪና የተዋሰ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ውል ይሸፈናል። አብሮ የሚኖርና ዘወትር የሚነዳ ሰው ግን ስሙ ውሉ ላይ መስፈር አለበት። ሳይነገር ሲነዳ ቆይቶ የገጨ እንደሆነ ኩባንያው ያልተከፈለውን አረቦን (የኢንሹራንስ ክፍያ) ወደ ኋላ ቆጥሮ ሊጠይቅ፣ ካሳውንም አልከፍልም ሊል ይችላል። ደንቡ ደግ ነው፤ የወጣው ግን መኪና የአንድ ሰው ንብረት ነው ብለው ለሚያምኑ ሰዎች ነው። እኛ ዘንድ ባለ ሰባት መቀመጫ መኪና የዕድር ድንኳን ማለት ነው። ቅዳሜ ሙሽራ ያጅባል፣ እሑድ አሮጊቶችን ቤተ ክርስቲያን ያመላልሳል፣ ሰኞ ከደለስ አየር ማረፊያ በርበሬና ሽሮ የታጨቀባቸውን ሻንጣዎች ጭኖ ይመለሳል። ባለቤቱ ያን ዕለት በአውቶቡስ ሥራ ይገባል።

እኔም ውሉ ሲታደስ የአገር ልጅ የሆነው ወኪላችን ዘንድ ሄድኩ። «ጋሼ፣ አንድም ሰው እንዳይደብቁኝ» አለኝ፤ ንስሐ አባት እንኳ እንዲህ አጥብቆ አይዝም። ከልጄ ጀመርን። ሜሪላንድ ለወጣት ጀማሪ 9 ወር የለማማጅ ፈቃድና 60 ሰዓት ልምምድ ትጠይቃለች፤ እናቱ ከጎኑ ተቀምጣ ያንን ሁሉ ሰዓት ውዳሴ ማርያም ስትደግም ከርማለች። ስሙ ሲጨመር ሂሳቡ ወደ እጥፍ ተጠጋ። ወኪሉ ፊቴን አይቶ «የትምህርት ውጤቱ ቢ (B) እና ከዚያ በላይ ከሆነ ቅናሽ አለ» ሲል አጽናናኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ልጄ የአልጀብራ ፈተና የማስበው በዶላር ነው።

ከእኛ ጋር የሚኖረው አጎቴ ላይ ስንደርስ ወኪሉ ብዕሩን አስቀመጠ። አጎቴ ሁለት ግጭት አለበት፤ ሁለቱንም ጊዜ ጥፋተኛው ቆሞ የነበረው መኪና ነው ይላል። እሱን ጨምሮ የተነገረኝን ዋጋ እዚህ አልጽፈውም፤ ባለቤቴ ታነበዋለች። «ሌላ መንገድ አለ» አለኝ ወኪሉ። «ስሙን ጠቅሰን ከውሉ እናስወጣዋለን። ከዚያ በኋላ መሪ ቢጨብጥ ግን ኩባንያው ሳንቲም አይከፍልም።» ፈረምኩ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ገባ። አጎቴ እራት አልበላም አለ። በማግሥቱ «በደርግ ጊዜ እንኳ ስሜ እንዲህ ያለ ዝርዝር ውስጥ አልገባም» እያለ ስልክ ሲደውል ዋለ። የባለቤቴ እህት በበኩሏ ስሟ በአሽከርካሪነት ስለሰፈረ ቀና ብላ መሄድ ጀመረች፤ ይህም ነገሩን አባባሰው። ቅዳሜ ሽማግሌ ተላከብኝ።

ሦስት ሆነው መጡ። ቡና ተፈላ፣ የወኪሉ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፣ ማንም አላነበበውም። ወረቀቱ ባለበት እንዲጸና፣ እኔ ግን ተነሥቼ የአጎቴን ጉልበት እንድስም ተፈረደ። ሳምኩ። አጎቴም እንባውን ጠርጎ መረቀኝ።

ትልቁ ሽማግሌ ሰዓቱን አየና «እንግዲህ ሰላም ወረደ፤ እኛም አሌክሳንድሪያ ለቅሶ አለብን። ያመጣን ልጅ ሥራ ገብቷል፤ እስቲ ቁልፉን አቀብለን» አለ።

«ማን ሊነዳ ነው?» አልኩ።

ሦስቱም ወደ አጎቴ ዞሩ።