የአክስቴ ክኒንና የባሕሩ መርዝ

ባለፈው እሑድ ደሴ፣ አክስቴ ቤት ቡና ላይ ነበርን። ቶናው ሲቀዳ ፋርማሲ የምትማረው ልጇ ስለ ሲ አኔሞኒ ታወራን ጀመር። አበባ የሚመስል የባሕር እንስሳ ነው። ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ይኖራል፤ አሣ ሲነካው በመርዝ ይወጋዋል። ከዚያ መርዝ መድኃኒት ለማውጣት እየተሞከረ ነው አለችን።

አንድ የሰፈር አባት ሳቁ። «ኧረ ወላሂ! ባሕር የሌለን ሰዎች ስለ ባሕር መርዝ ምን አገባን? መርዝስ መቼ መድኃኒት ሆኖ ያውቃል?»

እኔ አልሳቅኩም። አማርኛችን ራሱ ሁለቱን መች ለየና! «የአይጥ መድኃኒት» እንላለን። «መድኃኒት አብልታው ነው» ሲባልም ቫይታሚን አይመስለንም።

ደግሞ ማስረጃው እዚያው ቤት ነበር። አክስቴ ደም ብዛት አለባት፣ ኢናላፕሪል ትወስዳለች። የዚህ መድኃኒት ታላቅ ወንድም ካፕቶፕሪል ይባላል። የተሠራው የአንድ ብራዚላዊ እባብ መርዝ የደም ግፊትን እንዴት እንደሚያወርድ ተጠንቶ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1981 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የሲ አኔሞኒው ጉዳይ ግን ገና ነው። «መርዝ ፈውስ ሆነ» የሚሉ ርእሶችን ስታዩ ረጋ በሉ። ከካሪቢያን ባሕር ዝርያዎች በአንዱ ውስጥ፣ ከ35 አሚኖ አሲዶች ብቻ የተሠራች ትንሽ ፕሮቲን ተገኘች። የራሳችንን አካል የሚያጠቁ አንዳንድ ነጭ የደም ሴሎች ለሥራቸው የፖታሲየም መተላለፊያ በር ያስፈልጋቸዋል። ፕሮቲኗ ያንን በር ትደፍናለች። ችግሩ የነርቭ ሴሎችን ተመሳሳይ በርም መድፈኗ ነው። ስለዚህ የነርቩን ትታ የነጭ ደም ሴሎቹን በር ብቻ እንድትይዝ ተመራማሪዎቹ መልኳን መቀየር ነበረባቸው። የተቀየረችው ዳላዛታይድ ትባላለች፤ ሶሪያሲስ የተባለ የቆዳ በሽታ ባለባቸው ጥቂት ሰዎች ላይ ተሞክራለች። ጥናቱ ከተጀመረ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ፋርማሲ ገብታችሁ የምትገዙት ነገር ግን የለም።

ለእኔ ቁም ነገሩ ይኼ ትዕግሥት ነው። እኛ ተማሪ እናስመርቃለን፤ አንድ ጥያቄ ይዞ ሃያ ዓመት የሚቀመጥ ሰው ግን ሥራ የፈታ ይመስለናል። ባሕር የለንም፣ እሺ። ባቲና ሐርቡ ቆላ ግን እባብም ጊንጥም አለ። የአክስቴ ልጅ የመመረቂያ ጥናቷን በጊንጥ መርዝ ላይ ልሥራ ብትል ስንቶቻችን «በርቺ» እንላታለን? እኛ ቤት እንኳ መጀመሪያ የሚመጣው «ምን እንጀራ ያበላሻል?» ነው።

አክስቴ ሁሉንም ዝም ብላ ስትሰማ ቆየች። በረካው ሲቀርብ ወደ ልጇ ዞረች።

«እና ይኼ ሌሊት ሌሊት የሚያስለኝ እባቡ ነዋ!»

ልጅቷ መሳቋን አቆመች። ደረቅ ሳል የታወቀ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው። ሰኞ ሐኪም ጋ ይዣት እሄዳለሁ አለች።