ወተት ማላታዮንን አያረክስም

ወንድሜ፣ «ፎገራ ላይ ሽንኩርት ሲረጭ መድኃኒቱ የመታው ሰው ወተት ይጠጣ፣ መርዙን ያረክሰዋል» ብለሃል። ይቺን ወሬ ባሕር ዳር ሻይ ቤት ውስጥም ሰምቻታለሁ። ስህተት ናት።

ማላታዮን፣ ያ የሚረጨው የተባይ መድኃኒት፣ ሆድ ውስጥ ቁጭ ብሎ ወተት አይጠብቅም። በቆዳም በትንፋሽም ይገባል። የሚያጠቃው ነርቭን ነው። ነርቮቻችን አሴቲልኮሊን በሚባል ንጥረ ነገር መልእክት ይልካሉ፤ መልእክቱ ሲደርስ ደግሞ አንድ ኢንዛይም ያፈርሰዋል። መርዙ ያንን ኢንዛይም ጠፍንጎ ይይዘዋል። ከዚያ መልእክቱ ማቆሚያ ያጣል። ለሀጩ የሚዝረበረበው፣ ሸሚዙ በላብ የሚርሰው፣ የዓይኑ ብሌን የመርፌ ጫፍ የምታክለው ለዚህ ነው። የሚገድለው ግን በአብዛኛው ትንፋሽ ማጣት ነው፤ ሳንባ በፈሳሽ ይሞላል፣ የመተንፈሻ ጡንቻም ይዝላል።

ሐኪም ቤት የሚሰጠው አትሮፒን አሴቲልኮሊን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዛል። ሳንባው ይደርቃል፣ የደከመው የልብ ምት ይነሳል። (አትሮፒን በየአጥሩ ሥር በሚበቅለው አስተናግር ውስጥም አለ። ቀቅሎ መጠጣት ግን ሌላ መመረዝ ነው፣ እንዳትሞክሩት!) የዛለውን ጡንቻ ግን አትሮፒንም አያነሳውም፤ ኦክስጅን፣ ሲብስም የመተንፈሻ ማሽን ያስፈልጋል።

ወተቱስ? ራሱን እየሳተ ላለ ሰው ከተጋተ ሳንባው ውስጥ ይገባል። ይልቅ ልብሱን አውልቁለት፣ ገላውን በውሃና ሳሙና እጠቡት፣ ባጃጅ ጠርታችሁ ሐኪም ቤት አድርሱት። የተረጨውን መድኃኒት ጠርሙስም ያዙ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።