ማስተካከያ፦ ያ አባባል የአሪስቶትል አይደለም

ባለፈው ስለ ጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ ስለ አሪስቶትል በጻፍኩት ላይ ሁለት ስህተት አለ። አንዱ ጥቅስ ነው። «ደጋግመን የምናደርገውን ነን» ብሏል ብዬ ነበር። ቃሉ የእሱ አይደለም። አሜሪካዊው ዊል ዱራንት እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመው የፍልስፍና መጽሐፍ፣ የአሪስቶትልን ሐሳብ በራሱ ቃል ሲያጠቃልል የጻፈው ነው። ሐሳቡ ግን ከአሪስቶትል ብዙም አይርቅም። ሰው ቤት በመሥራት ግንበኛ እንደሚሆን ሁሉ፣ ፍትሐዊ የሚሆነውም ፍትሐዊ ሥራ በመሥራት ነው ይላል አሪስቶትል።

ሁለተኛው የኔ ጥድፊያ ነው። አሪስቶትል ጓደኝነትን በሦስት እንደሚከፍል ገልጬ፣ በጥቅምና በደስታ ላይ የቆሙትን «የውሸት» ብያቸዋለሁ። እሱ እንዲያ አላለም። ጎደሎ ናቸው ነው ያለው። ጥቅሙ ወይም ጨዋታው ሲያልቅ ቶሎ ይፈርሳሉ፣ በቃ። በመልካም ሰዎች መካከል ያለው ሙሉ ወዳጅነት ግን ብርቅ ነው፤ ጊዜም ይፈልጋል። «አብረው ጨው ሳይበሉ መተዋወቅ የለም» የሚለውን የጥንት ተረት የጠቀሰውም እዚሁ ላይ ነው። (ይህን የመሰለ ነገር እንዴት እንደዘለልኩት እንጃ!)

ጓደኝነትን በሰፊው የሚያነሳው «ኒኮማካዊ ሥነ ምግባር» በተባለው መጽሐፉ ስምንተኛና ዘጠነኛ ክፍሎች ነው። የቀድሞው ጽሑፍም በዚሁ ተስተካክሏል።