«ካልሠራ እናነሳዋለን» አይባልም

የገበሬ ቃላት የምንሰበስብበት ዊኪ አስተዳዳሪዎች ባለፈው ሳምንት አዲስ የውይይት ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ዊኪው ላይ የሚጨመር ተቀጥላ ኮድ፣ ሊጭኑ ወሰኑ። ኮዱን ሰው ከነካው ሁለት ዓመት አልፎታል ብዬ ተቃወምኩ። መልሳቸው «ምን ችግር አለው? ካልሠራ እናነሳዋለን» ሆነ።

ማንሳትማ ቀላል ነው፤ አንድ መስመር ማጥፋት ነው። ሲነሳ ይዞት የሚሄደውን ማን አሰበ?

ሊኩዊድትሬድስ የሚባለውን ኤክስቴንሽን አስታውሱ። ዊኪዎች የሚሠሩበትን ሶፍትዌር የሚዲያዊኪን ውይይት ያሳምራል ተብሎ ስንቱ ጫነው። ማን ለማን እንደመለሰ የሚናገረውን መዝገብ ግን ዳታቤዙ ውስጥ በራሱ ሰንጠረዥ ነው የሚይዘው። ሲነሳ የውይይቱ ክር ይበጠሳል። ይተካዋል የተባለው ፍሎውም ጽሑፉን በራሱ ሰንጠረዥ አስቀመጠ፤ በኋላ የዊኪፒዲያ ባለቤት ዊኪሚዲያ ራሱ ከዊኪዎቹ ሊያነሳው ወሰነ። ዲስከሽንቱልስ የሚባለው ሌላ ኤክስቴንሽን ግን በተራው የውይይት ገጽ ላይ ነው የሚጽፈው። ነገ ቢነሳ አንዲት ፊደል አትጠፋም። ኤክስቴንሽን የሚመረጠው በዚህ ነው፤ በመልኩ አይደለም።

ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ። ሌላ ዊኪ አፕግሬድ ባደረግንበት ምሽት ገጹ ነጭ ሆኖ ቀረ። የውይይት ኤክስቴንሽኑን የሚጠራውን መስመር ስናጠፋ ተከፈተ፣ ተጨበጨበ። በማግስቱ «ወገል» የሚለውን ቃል ውይይት ብከፍት ባዶ ነው። አንድ አባት ወገል ድግርን ከሞፈር ጋር እንዴት እንደሚያያይዝ አብራርተውበት ነበር። ጽሑፉ ዳታቤዝ ውስጥ ተኝቷል፤ የሚያነበው ኮድ ግን የለም። ለእሳቸው ምን ልበላቸው?

«ኮዱ እኮ ሰሞኑን ተሻሽሏል» ያለኝም አለ። የለውጡን ዝርዝር ክፈቱት! ቦት (በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) ሶፍትዌር ከሚተረጎምበት ድረ ገጽ ከትራንስሌትዊኪ ያስገባው ትርጉም ነው። በሩ ቀለም ስለተቀባ ቤቱ ውስጥ ሰው አለ ማለት አይደለም።

«አፕግሬድ ካላደረግን አይበላሽም» የሚለውማ ጭራሽ ክርክር አይባልም። ረጅም ድጋፍ ያለው የሚዲያዊኪ እትም 1.43 በፈረንጆቹ 2024 መጨረሻ ወጣ፤ ድጋፉ 3 ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የደኅንነት ቀዳዳ ቢገኝ ማን ሊደፍንልን ነው?

ያለ ኤክስቴንሽን መኖር እንደማይቻል አውቃለሁ። የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው። የዊኪውን ቅጂ ውሰዱ፤ ኤክስቴንሽኑን ጫኑ፤ ሁለት ሦስት መልስ ጻፉበት። ከዚያ አንሱትና የጻፋችሁትን ለማንበብ ሞክሩ። አንድ ምሽት አይፈጅም። እስካሁን ማንም አልሞከረውም፤ መጫኛው ቀን ግን ተቆርጧል።